ወንዳፍራሽ በረሃ የገባበት ዓመት

ወንዳፍራሽ ሰበታ ውስጥ ባለ አንድ የክር ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሠርቷል። ሥራው ክር መለካትና መመዘን ነው፤ ልማዱ ግን ከፋብሪካው በር ላይ አይቀርም፣ አብሮት ቤቱ ይገባል። ከቤቱ እስከ ፋብሪካው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ሜትር፣ ከቤቱ እስከ ሚስቱ ሱቅ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር መሆኑን ያውቃል። እንዴት እንዳወቀ ለሚጠይቀው ደግሞ በደስታ ያሳያል። በብስክሌቱ የፊት ጎማ ሽቦ ላይ ቀይ ክር አስሯል፤ ክሩ አንዴ ዞሮ ሲመለስ ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር ነው። እየነዳ ይቆጥራል። እየቆጠረ ሳለ ሰላም ብትለው አይመልስልህም፤ ከሥራ ሲወጣ ቤትህ ድረስ መጥቶ "ጠዋት ሰላም ብለኸኝ ነበር፣ ሰባት መቶ ላይ ስለነበርኩ ነው" ብሎ ይቅርታ ይጠይቅሃል።

እኔ ጎረቤቱ ነኝ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በ2005 ዓ.ም. ሐኪሙ ስኳርህ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ተንቀሳቀስ ብሎኝ ለባለቤቴ ስነግራት ወንዳፍራሽ በአጥር በኩል ሰምቶ ኖሮ፣ በነጋታው አንድ አሮጌ ኮርስ፣ የውድድር ብስክሌት፣ እየገፋ መጣ። ብስክሌቱን ለስድስት ወር አውሶኝ ነበር፤ እስካሁን እኔው ጋ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያልን ቡድን ሆንን። እሁድ እሁድ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ማደያው ፊት ለፊት እንሰበሰባለን። አንዳንዴ አምስት፣ አንዳንዴ ሰባት እንሆናለን፤ የማይቀሩት ግን አራት ናቸው። ወንዳፍራሽና እኔ አለን። ከወላይታ መጥቶ ሕንፃ ሥራ ላይ ብሎኬት የሚያወጣው ኤልቃና አለ፤ ብስክሌቱ ማርሽ የሌለው የቻይና ብስክሌት ሆኖ ሳለ ዳገት ላይ ጥሎን ይሄዳል፣ ሲሄድም መዝሙር ይዘምራል። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ትጊ ደግሞ አለች፤ ከሁላችን በዕድሜ ታናሽ፣ በምላስ ታላቅ ናት። የከተማው ሰው ልብሳችንን አይቶ "ቁምጣዎቹ" ብሎ ስም አወጣልን።

ወንዳፍራሽ ለቡድኑ ሕግ አውጥቷል። በአንድ መስመር ተከታትለን እንነዳለን፤ የፊተኛው ነፋሱን ይሰብራል፣ የኋለኞቹ በእሱ ጥላ ያርፋሉ፤ በየሁለት ኪሎ ሜትሩ መሪው ተቀይሮ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጉድጓድ ያየ በእጁ ያመለክታል። ሕጉ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ኤልቃና መሪ ሲሆን ፍጥነታችን በመዝሙሩ መወሰኑ ነው። የምስጋና መዝሙር ከጀመረ ነፍሳችን ትወጣለች። ትጊ አንድ ቀን የንስሐ መዝሙር እንዲጀምርልን ለምናው፣ ከዚያ በኋላ ትንሽ አረፍን።

የበረሃው ሐሳብ የወንዳፍራሽ ነው። በወጣትነቱ ፋብሪካው ጥጥ ሊያስመዝነው ወደ አዋሽ ሸለቆ ይልከው ነበር። በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ በሹፌሩና በረዳቱ መካከል ተጣብቆ፣ መተሃራን አልፎ፣ የበሰቃን ሐይቅና የፈንታሌን ጥቁር ድንጋይ አልፎ፣ ከአዋሽ በኋላ ያለውን ቀጥ ያለ መንገድ ሲያይ፣ አንድ ቀን ይሄን በብስክሌት እሄደዋለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በ2007 ክረምት ሲወጣ ሁላችንንም ሰብስቦ፣ በመጪው ጥር፣ ሙቀቱ ሳይከፋ፣ ከመተሃራ እስከ ጥጥ እርሻዎቹ ዘጠና ኪሎ ሜትር እንደምንነዳ ነገረን። ለዚያ ደግሞ ልምምድ ያስፈልጋል።

የልምምዱን መንገድ በትልቅ ካኪ ወረቀት ላይ ሣለው። ከሰበታ ተነስቶ በጫካው ዳር ወደ መናገሻ፣ ከመናገሻ ወደ ቡራዩ፣ ከዚያ ሱሉልታ፣ ከዚያ በፉሪ በኩል ዞሮ ሰበታ ይገባል። አዲስ አበባን በቀይ እስክሪብቶ እንደ ቀለበት ከብቧታል። ከላይ በጉልህ ጻፈበት፦ "የሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ዙሪያ ዕቅድ፣ አንደኛ ምዕራፍ።" በጎኑ የቡድኑን ሕግ፣ ነፋስ ሰባሪ ብሎም የኤልቃናን ስም ጻፈ። ከታች ደግሞ፦ "የመጨረሻ ግብ፦ በጥር በረሃ መግባት።" እኔ የጂኦግራፊ መምህር ስለሆንኩ እንዳየው ሰጠኝ። ልኬቱን ብቻ ነው ያየሁት። ጥሩ ነበር። ጥግ ላይ "ትክክል መሆኑን አረጋግጫለሁ" ብዬ ስሜን ጽፌ ፈረምኩበት።

በዚህ አላበቃም። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ግማሽ ሊትር ቀይ ጸረ ዝገት ቀለም ገዝቶ ብቻውን ወጣና፣ በመንገዱ ዳር በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ትልቅ ድንጋይ እየመረጠ ቁጥርና ቀስት ጻፈ። አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት እያለ አርባ ላይ ቡራዩ መግቢያ ሲደርስ ቀለሙ አለቀበት። ስምንት ድንጋይ። ሲመለስ በጣም ደስ ብሎት ነበር።

ኅዳር ገባ። የማስተር ፕላኑ ነገር ከዚያ በፊትም ነበረ፤ በዚያ ወር ግን አገሩ ሁሉ ተነሳ። አዲስ አበባ ወደ ዙሪያዋ ከተሞች ልትሰፋ ነው፣ ገበሬው ሊነሳ ነው የሚለው ወሬ በየቤቱ ገባ፤ ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ ስለ ዝናብ ስርጭት ሳስተምር ስለ ካርታ ይጠይቁኝ ጀመር። ሰዉ የሚፈራው አንድ ምልክት ነበረ፤ እሱም ቀይ ቀለም ነው። የሚፈርስ ቤት ግድግዳ ላይ የሚቀባው ቀይ ነው፤ መሬት ለክተው የሚሄዱ ሰዎች የሚተዉትም ቀይ ነው። ወንዳፍራሽ ጋዜጣ አያነብም፤ ሬዲዮም ሲከፍት የአየር ሁኔታውን ሰምቶ ይዘጋል።

ካርታውን ትጊ ቤት ወስዶ ለሁላችን አባዛው። ዋናውን አንስቶ ሄደ፤ አንድ የተበላሸ ቅጂ ግን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ቀረ። ለምዝገባ ፎርም ሊያስባዛ የመጣ አንድ ተማሪ ከቅርጫቱ አፍ ላይ አየውና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ልጁ የኦቦ ሂርጳ የእህት ልጅ ነበር። ኦቦ ሂርጳ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በመናገሻ መንገድ ላይ የሽምብራና የጤፍ ማሳ ያላቸው፣ አካባቢው የሚያደምጣቸው ሽማግሌ ናቸው። አሥር ቁጥር የተጻፈበት ድንጋይ ያለው በእሳቸው ማሳ ጫፍ ላይ ነው።

በሚቀጥለው እሁድ ስድስት ሆነን በዚያ ስንሄድ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ከመንገዱ ዳር ካለ ዋርካ ሥር አርባ የሚያህል ሰው ቆሟል፤ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ወጣቶቹ ብስክሌቶቻችንን ተቀብለው አጥሩ ላይ አስደገፏቸው፤ በጨዋ ደንብ ነው የተቀበሉን፣ ግን አልመለሱልንም። ወንዳፍራሽ እጅ ነስቶ በኦሮምኛ "አካም ቡልተኒ" አላቸው። መለሱለት። ከዚያ ኦቦ ሂርጳ ከጋቢያቸው ሥር ያን ቅጂ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

"ይሄ ድንጋይ ላይ ያለው አሥር ምንድነው?" አሉት።

"አሥር ኪሎ ሜትር ነው፣ አባቴ።"

"ከየት?"

"ከቤቴ።"

ኦቦ ሂርጳ ዘወር ብለው ሌሎቹን ሽማግሌዎች አዩአቸው። "ግቢህ እስከዚህ ድረስ ይመጣል ማለት ነው?"

ወንዳፍራሽ አልገባውም። እንዲያውም ልኬቱን የተጠራጠሩበት መስሎት፣ ክሩን እንዴት እንደሚቆጥር ሊያስረዳ ብስክሌቱን እንዲያመጡለት ጠየቀ። እኔ ልብሱን ከኋላ ብጎትተውም አልቆመም። አንድ ጎረምሳ በኦሮምኛ ምን እንዳለ ባይገባኝም እየሳቀ እንዳልነበረ ግን ገብቶኛል። ኦቦ ሂርጳ ጣታቸውን ወደ ካርታው ግርጌ አወረዱ። ዓይናቸው ደከም ስላለ ቀስ ብለው ነው ያነበቡት።

"እሺ፣ በጥር በረሃ የምንገባው እኛ ነን?"

ያኔ ነው ነገሩ ለሁላችንም የበራልን። ሽማግሌው በደርግ ጊዜ ሰፈራ ተብሎ ሰው በጭነት መኪና ሲጫን ያዩ ሰው ናቸው። ወንዳፍራሽ ፊቱ አመድ መሰለ። አይደለም፣ እናንተ አይደላችሁም፣ እኛ ነን፣ ብስክሌት ነድተን በረሃውን ልናይ ነው ብሎ ማስረዳት ያዘ። ሲያስረዳ ነገሩ ይበልጥ ከፋ። ማን እንደላከን ጠየቁት፤ ማንም አላለም። አበል ይከፈላችኋል ወይ አሉት፤ የለም አለ። መኪና እያለ ለምን በብስክሌት አሉት፤ መኪና ውስጥ በደንብ አይታይም አላቸው። በረሃው ውስጥ ምን አለ አሉት። ወንዳፍራሽ ብዙ አሰበና "መንገዱ ቀጥ ያለ ነው" አለ።

 በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተመካከሩ። ተመልሰው ሲመጡ ኦቦ ሂርጳ ፍርዱን ነገሩን። ይህ ሰው የሚዋሽ ቢሆን የተሻለ ውሸት ያመጣ ነበር፣ ስለዚህ አምነነዋል። ነገር ግን ድንጋዮቹ ላይ ያለው ቀለም ከመጀመሪያው ድንጋይ እስከ መጨረሻው ድረስ በገዛ እጃችን መጥፋት አለበት፤ እሳቸውም አብረው ሄደው ያያሉ።

ጸረ ዝገት ቀለም ግን አይለቅም። በውሃ አልለቅ አለ፣ በአሸዋ አልለቅ አለ። አንዱ ጎረምሳ በነጭ ቀለም ይሸፈን ሲል ሌላው ነጭ ደግሞ ይብስ የወሰን ምልክት ይመስላል አለ። መፍትሔውን ያመጡት ኦቦ ሂርጳ ናቸው፤ ከሳቸው ማሳ ራቅ ብለው የቆሙትን ከብቶች በአገጫቸው አመለከቱ። ያን እሁድ ስድስት ቁምጣ የለበስን ሰዎች በፌስታል እበት ተሸክመን፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየነዳን እየወረድን ስንለቀልቅ ዋልን። ኦቦ ሂርጳ በፈረሳቸው ተከተሉን። መጀመሪያ ላይ ከፈረሳቸው ላይ ሆነው ብቻ ያዩ ነበር። ሃያ አምስት ቁጥር ላይ "እዚያ ጋ ሳስቷል" አሉ። ሠላሳ ላይ ከፈረስ ወርደው ራሳቸው እንዴት እንደሚለቀለቅ አሳዩን። አርባ ላይ፣ ቡራዩ መግቢያ ስንደርስ፣ ትጊ እበት በበዛበት እጇ ግንባሯን ጠርጋ "ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ይሄ ዕቅድዎ ግን ሁለተኛ ምዕራፍ የለውም አይደል?" ስትል ሽማግሌው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ወንዳፍራሽና እኔ ወደ አንድ ቢሮ ተጠራን። ከሽማግሌዎችና ከወጣቶች ጋር መንገድ በተዘጋበት ቦታ ስብሰባ አድርጋችኋል፣ ከዚያም በስምንት ቦታ እየቆማችሁ ተንቀሳቅሳችኋል የሚል ጥቆማ ደርሷቸው ነበር። ከካርታው ቅጂዎችም አንዱን አግኝተዋል። ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ጥጉ ላይ ፊርማዬ አለ።

መርማሪው ወጣት ነው፤ የደከመው ይመስላል። ካርታውን በእርሳስ እየነካ ጠየቀን።

"በረሃ ልትገቡ ነው?"

"አዎ፣ በጥር አጋማሽ" አለ ወንዳፍራሽ።

"ስንት ናችሁ?"

"ሰባት። ግን ይሄ ጉልበቱን ያመዋል" አለ ወደ እኔ እያየ፣ "ስድስት ብንሆን ነው።"

በረሃ መግባት ማለት በእኛ አገር ሌላ ትርጉም እንዳለው፣ ሸፍቶ ጠመንጃ ይዞ መሄድ እንደሆነ፣ ከሁላችን በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ልናገር አፌን ስከፍት መርማሪው ዝም እንድል በእጁ ምልክት ሰጠኝ።

"መሣሪያስ አላችሁ?"

"አለን" አለ ወንዳፍራሽ፣ በዝግጅቱ ስለሚኮራ።

"ማን ጋ ነው ያለው?"

"ሁሉም ትጊ ጋ ነው።"

መርማሪው ጻፈ። በየሁለት ኪሎ ሜትሩ መሪው ይቀየራል የሚለውን አንብቦ፣ መሪያችሁ እንዳይያዝ ነው አይደል አለ። እንዳይደክም ነው አለ ወንዳፍራሽ። ነፋስ ሰባሪ ተብሎ የተጻፈው ኤልቃና ማነው፣ ምን ይሰብራል አለ። እዚያ የሚቀበላችሁስ ማነው ሲለው፣ የጥጥ እርሻ ዘበኛ የሆነ የድሮ ጓደኛው እንዳለ፣ እሱም ጠመንጃ እንዳለው፣ ግን አሮጌ መሆኑን አስረዳው። መጨረሻ ላይ እኔ መናገር ተፈቀደልኝና መሣሪያው ሁለት ፖምፓ፣ አንድ መፍቻና የጎማ ማጣበቂያ መሆኑን ተናገርኩ። ያን ጊዜ ግን ማንም አላመነኝም። በዚያው ቢሮ ጀርባ ባለ ክፍል ውስጥ ከሌሎች አሥር ሰዎች ጋር እስከ ረቡዕ ቆየን።

ያወጣችን ማሪቱ ናት፣ የወንዳፍራሽ ሚስት። ረቡዕ ጠዋት አሥራ አንድ ደብተር በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክማ ቢሮው ገባች። መርማሪው ፊት ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችውና፣ "ይሄን ሰውዬ ሽፍታ ነው ካላችሁ ይሄን አንብቡ፤ እኔ ሃያ ዓመት አንብቤዋለሁ" አለችው። የወንዳፍራሽ የልኬት ደብተሮች ነበሩ። ከ1980 ጀምሮ ከየትም የት ድረስ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ልጆቹ በየወሩ ስንት ኪሎ እንደጨመሩ፣ የጎረቤት ውሻ በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደጮኸ ተጽፏል። መርማሪው አንዱን አነሳ፣ ሌላውን አነሳ። "ማሪቱ አኩርፋ ያላናገረችኝ ቀናት" የሚለው ገጽ ላይ ሲደርስ አለቃውን ጠርቶ አሳየው። አለቃው ቆሞ አነበበ። ከሁሉም የገረማቸው በዓመት በዓመት ተደምሮ፣ አማካዩ ወጥቶ መቀመጡ ነው።

ያለ ፈቃድ በረሃ ላንገባ በጽሑፍ ቃል ገብተን ወጣን። ወንዳፍራሽ በር ላይ ቆሞ ስለ ፈረምነው ፎርም ሊከራከር ሲል ማሪቱ ክንዱን ይዛ ወሰደችው።

ታኅሣሥ ላይ ግን የሚሳቅ ነገር አልነበረም። ተኩስ ሰማን። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ክፍሌ ውስጥ አራት ወንበር ባዶ ነበር፤ አንደኛው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ባዶ ቀረ። ካርታውን ያገኘው የኦቦ ሂርጳ የእህት ልጅ በዚያ ሰሞን ተወስዶ አምስት ሳምንት ቆየ። ብስክሌት አውጥተን መንዳት አቆምን። ወንዳፍራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ከማሪቱ ሱቅ ስኳርና ሳሙና ይዞ በእግሩ ወደ ሽማግሌው ቤት ይሄድ ነበር፤ ሁለቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ብዙም ሳያወሩ ይውላሉ። ልጁ ሲፈታ ከስቶ ነበር፤ ለብዙ ጊዜም ከሰው ጋር አይነጋገርም ነበር። ሲነጋገር መጀመሪያ የጠየቀው እነዚያ ሰዎች በረሃቸው ሄዱ ወይ ብሎ ነው አሉ።

በጥር መጀመሪያ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ወንዳፍራሽ በነጋታው ማመልከቻ ጽፎ ወደዚያ ቢሮ ሄደ። ጉዳዩ "በረሃ ለመግባት ፈቃድ ስለመጠየቅ" ይላል። መርማሪው አንብቦ፣ ደግሞ አነበበና፣ ወረቀቱን መልሶ ሰጥቶት "ሽርሽር በሉት" አለው። ሽርሽር አልነው።

የካቲት መጀመሪያ አራት ሆነን ሄድን፤ ሌሎቹ ቤተሰብ አልፈቀደላቸውም። የማሪቱ ወንድም ኪዳነወልድ ፒካፑን በውሃ ጀሪካን ሞልቶ አጀበን። ልንነሳ ስንል ኦቦ ሂርጳ ጋቢ ለብሰው፣ ዱላ ይዘው ማደያው ጋ ቆመው አገኘናቸው። በረሃ የምትሉትን በዓይኔ ካላየሁ አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩም አሉና ጋቢናው ውስጥ ገቡ።

ብስክሌቶቻችንን በፒካፑ ጭነን ሄደን መተሃራ አደርን፤ በማግስቱ የተነሳነው ፀሐይ ሳትወጣ ነው። ጥሩ ጠዋት ነበር። የበሰቃ ውሃ በመንገዱ ዳርና ዳር ተኝቷል፤ ከዚያ የቀዘቀዘው ጥቁር ድንጋይ እንደ ታረሰ መሬት እስከ ተራራው ሥር ይዘልቃል። አራታችን በአንድ መስመር ሆነን ነዳን። ኤልቃና እንኳ ለስለስ ያለ መዝሙር መረጠ። አዋሽ ከተማ ገብተን እንቁላል በላን። ወንዳፍራሽ በሰዓት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ብሎ ያቀደውን ልክ ሃያ አምስት ነዳን።

ያላቀደው ነፋሱን ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ከፊት ለፊታችን ተነሳ፤ ሙቀቱም አብሮት መጣ። ፍጥነታችን አሥራ አንድ ሆነ። ከዚያ የግራር እሾህ ነበረ። ትጊ ስድስት ጊዜ ጎማ አጣበቀች፤ በሰባተኛው መፍቻውን አስቀምጣ መንገዱ ዳር ተቀመጠች። እኔ ኩሬ የመሰለኝን ነገር ሁለት ጊዜ ለሌሎቹ አሳየኋቸው፤ አስፋልት ነበር። ኦቦ ሂርጳ ከፒካፑ መስኮት ውሃ እያቀበሉን፣ ላም በዚህ ሰዓት ጥላ ትፈልጋለች ብለው በየዋህነት ተናገሩ።

በዚህ ሁኔታ ሳለን ጥጥ ጭኖ ወደ መዳመጫ የሚሄድ የጭነት መኪና ቀስ ብሎ አለፈን። ኤልቃና ነፋሱ ከመኪናው ጀርባ እንደማይመታው በአንድ ጊዜ ገባው፤ ተነስቶ ተከተለው። እኛም ተከተልን። አደገኛ ነው፣ ማንም እንዲያደርገው አልመክርም፤ ግን ነፋሱ ጸጥ አለ፣ እግራችን ቀለለ፣ እንደ ወፍ ሄድን። የሚበረው ጥጥ ብቻ ነው ያስቸገረን። ላባችን ላይ እየተጣበቀ፣ ፊታችን፣ ቅንድባችን፣ ክንዳችን ነጭ ሆነ። የእርሻዎቹ ከተማ ስንደርስ ሻይ ቤት የተቀመጡት ሰዎች ተነስተው አዩን። የወንዳፍራሽ ጓደኛ፣ ዘበኛው፣ ቀርቦ እስኪስመው ድረስ ሊለየው አልቻለም።

ወንዳፍራሽ ግን ደስ አላለውም። ታጥቦ አረፍ አለ። በኋላ ለእኔ ብቻ ቀስ ብሎ ነገረኝ፤ ሠላሳ ዓመት የተመኘውን ቀጥ ያለ መንገድ የጭነት መኪና የኋላ መዝጊያ እያየ ነው ያለፈው። "ረጅም ተሽከርካሪ" የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው ያየው።

ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ተመልሰን ነዳነው፤ በዝግታ፣ ያለ መስመር፣ ጎን ለጎን ሆነን። ነፋስ አልነበረም። ሜዳው ወደ ሁለቱም ወገን ይዘረጋል፤ ድርቅ ስለነበር ሣሩ አጥሮ ቢጫ ሆኗል፣ ከሩቅ አንድ ሁለት ግራር ይታያል፣ ከዚያ ወዲያ ሰማያዊ ተራራ። ወንዳፍራሽ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ እያየ ይነዳል። ኦቦ ሂርጳ ፒካፑን አስቁመው ወረዱ፣ አፈር ዘግነው በጣታቸው ፈተጉት፣ አሸተቱት። ከዚያ ቀና ብለው ሜዳውን አዩት፤ ፊታቸው እየተቆጣ ሄደ።

"ይሄ ሁሉ መሬት ባዶውን ተኝቶ ሳለ የእኔን ሽምብራ ማሳ ለምን ፈለጉት?" አሉ።

ከመንገዱ ማዶ ግመሎቹን ይዞ የቆመ አንድ የአፋር ሰው ነበረ። ከከረዩ ኦሮሞዎች ጋር ገበያ ስለሚውል ኦሮምኛ፣ ከእርሻው ሠራተኞች ደግሞ አማርኛ ለምዷል፤ ሰማቸው።

"ባዶ ነው ያለህ ማነው?" አላቸው። "እስከዚያ ዛፍ የወንድሜ ግጦሽ ነው። ከዛፉ ወዲያ ያለው የእኔ ነበር፤ አሁን ታጥሯል።"

ኦቦ ሂርጳ እጃቸው ላይ የቀረውን አፈር አራገፉ። መንገዱን ተሻግረው ወደ ሰውዬው ሄዱና፣ ገና አሁን እንደተገናኙ ሁሉ ሰላምታውን ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ግመሎቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁት። ሰውዬው ስሙ ሁመድ እንደሆነ ነገራቸው። ሁለቱ በግራሩ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩ። ምን እንዳወሩ ስንጠይቃቸው ስለ አጥር ነው ብለውን ሌላ አልጨመሩም። ሁመድ ስንሄድ የግመል ወተት ሰጠን፤ ኤልቃና ሦስት ጊዜ አስቀዳ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። በቀጣዩ መስከረም ነገሩ እንደገና ተነሳ፤ ፋብሪካዎች ተቃጠሉ፣ የወንዳፍራሽ ፋብሪካ ባይቃጠልም ለወራት ቆመ፣ እሱም ቀድሞ ጡረታ ወጣ። አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ መሰብሰብ ሲከለከል ሁለት ሁለት እየሆንን፣ በመቶ ሜትር ርቀት እየነዳን፣ ይሄም ቡድን ነው ስንል ነበር። ኤልቃና አግብቶ ወላይታ ገባ። ትጊ ሱቋን ወደ ፉሪ አዛወረች።

ወንዳፍራሽ አሁን እሁድ ጠዋት ሌላ ሥራ አለው። ኦቦ ሂርጳ ከበረሃው በተመለሱ በስድስተኛው ወር ብስክሌት መንዳት እማራለሁ ብለው ተነሱ። ሚስታቸው ሰው እንዳያይ በጎህ ይሁን አሉ፤ እሳቸው ደግሞ ሰው ካላየ ምን ዋጋ አለው ብለው በገበያ ቀን በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ጀመሩ። መንዳቱን በሦስት ሳምንት ለመዱት። ፍሬን የሚባለውን ነገር ግን አይቀበሉም። ቁልቁለት ሲወርዱ ጋቢያቸው ከኋላቸው እየተንቦለቦለ ብስክሌቱን ልክ እንደ ፈረስ በድምፅ ይገሥጹታል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይቆምላቸዋል፣ ምክንያቱም ወንዳፍራሽ ከኋላ ኮርቻውን ይዞ ይሮጣል።